የሂዳያ ማቆሚያ ትእዛዝ

ሂዳያን የማያውቅ የሐይቅ ከተማ ሰው ካለ ዓሣ አይበላም ማለት ነው! ስልክና ኮምፒውተር የምትጠግን ጎረቤቴ ናት። አስጋሪዎች ከሐይቁ ቆሮሶ ዓሣ ሲያወጡ ወደ ኮምፒውተሯ መልእክት ይልካሉ፤ ራሷ የጻፈችው ፕሮግራም ደግሞ በሐይቅና በውጫሌ ላለን ዓሣ ቤቶች ያደርሳል። እኔ ዓሣ መጥበስ እንጂ ሌላ አላውቅም፤ ግን ልጅቷ ታኮራኛለች፣ ምን ላድርግ!

ችግሩ ማስነሻና ማቆሚያው ላይ ነበር። መብራት ሲሄድ ባትሪው ሳያልቅ ፕሮግራሙን ማቆም አለባት። ማቆሚያዋ ግን እንደ ገጀራ ነው፤ ያልደረሰውን መልእክት ቆርጦ ይጥለዋል። መብራት ሲመጣ ደግሞ እሷም እህቷም ያስነሱትና ሁለት ሆኖ ይነሳል። አንዱን ዓሣ ሁለት ጊዜ ሰምቼ ሁለት ባጃጅ የላክሁበት ቀን አለ።

አንድ ቀን የአስጋሪው የጋሽ ባድሩ መልእክት ተቆርጦ ቀረና ዓሣቸው ሸተተ።

«ልጄ፣ ጉብዝናሽን ወላሂ አልክድም» አሏት። «ዳግመኛ ከሸተተብን ግን ይቅርብን፤ እንደ ድሯችን ዞረን እንሸጣለን።» ሂዳያ አንገቷን ደፋች።

በዚያው ሰሞን ጎረቤት ዱዓ ላይ አብረን ተቀመጥን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጉዳዩን ይዞ ይመጣል፤ ሽማግሌው ለየሰዉ ዱዓ ያደርጋሉ። ሊያበቁ ሲሉ አዲስ መጪ ደጅ ይቆያል፤ እሳቸውም «የቀረ ሰው አለ?» ይላሉ። ጉዳዩ ያልተነሳለት እያለ ማንም ብድግ አይልም። ሂዳያ ክንዴን ቆነጠጠችኝና «አገኘሁት!» ብላ ጮኸች። የተገላመጥኩት ግን እኔ ነኝ!

ማቆሚያውን እንደ አዲስ ጻፈችው። «አቁም» ሲባል መጀመሪያ በሩን ይዘጋል፣ ውስጥ ያለውን መልእክት ያደርሳል፣ ከዚያ ያርፋል። ደጅ የቀረው መልእክት ፕሮግራሙ ዳግም ሲነሳ ይስተናገዳል። ማስነሻውም የሚሠራ መኖሩን ሳያይ ሌላ አያስነሳም።

በገበያ ቀን ሱቋ በሰው ሞልቶ እኔም እዚያው እያለሁ፣ ጋሽ ባድሩ ዓሣቸውን በባጃጅ ጭነው፣ ሱቋ በር ላይ ቆመው መልእክት ላኩ። ወዲያው መብራት እልም! ሂዳያ «አቁም» ብላ አዘዘች። አልቆመም!

«እምቢ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ባትሪው ይንጫጫል። ስክሪኑ ላይ «የቀረ ሰው አለ?» የሚል ጽሑፍ ብቻ ቆሟል።

የእኔ ስልክ መልእክት ገባለት። ተከትሎ የጋሽ ባድሩ ጠራ፤ አምሳሉ ነው፣ የውጫሌው ዓሣ ቤት ባለቤት። «ጋሼ፣ ቆሮሶውን ለማንም እንዳይሰጡብኝ፣ እየመጣሁ ነው!»

ስክሪኑ «የቀረ የለም» አለና ጠፋ። ጋሽ ባድሩ ስልኩን እንደያዙ እጃቸውን ዘርግተው «አሚን!» አሉ። ሱቅ ሙሉ ሰው «አሚን!» አልን፤ ሂዳያ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች።

መብራት ሲመጣ «እኔ ላስነሳው» ያሉት ጋሽ ባድሩ ናቸው። እንዳያመልጣቸው ብለው ሁለት ጊዜ አዘዙት፤ የተነሳው ግን አንድ ብቻ ነው።