አስተርጓሚዬ ዛሬ መሀል ላይ ዝም አለች

ዛሬ ሸደር የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ውስጥ፣ አስተርጓሚዬ ሆዳን የጀመረችውን ሳትጨርስ ዝም አለች።

እኔ የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ፤ ሶማሊኛዬ ግን ከሰላምታ አያልፍም። (አራት ዓመት ጅጅጋ ኖሬ! እባካችሁ አትፍረዱብኝ።) ስለዚህ ስደተኞቹ የሚሉትን ሁሉ በአማርኛ የምትነግረኝ ሆዳን ናት።

ሥራችን ደግሞ ደንብ አለው። አስተርጓሚ «ልጇ ሞተባት» አይልም። ልክ እንደ ተናጋሪዋ ሆኖ «ልጄ ሞተብኝ» ነው የሚለው። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ዛሬ አንዲት እናት «የሞተ አይመለስም፤ ማውራት ምን ይሠራልኛል?» አሉኝ።

እኔም እንደ ልማዴ ማስረዳት ጀመርኩ። ሰው ሐዘኑን ደጋግሞ ሲያወራ አንጎሉ ቀስ በቀስ ይለወጣል፤ የአንዳንድ ጂኖች ሥራ እንኳ ሊለወጥ ይችላል አልኳቸው።

ሆዳን ግማሹን ተርጉማ አቆመች። ወደ እኔ ዞረች።

«እኔስ?» አለችኝ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄ ሞተብኝ፣ ቤቴ ተቃጠለ ስል ነው የምውለው። የእኔ አንጎል ምን ሆኖ ይሆን?»



እናትየዋ አማርኛ አይሰሙም። ፊቷን አይተው ግን እጇን ያዙላት። ለማጽናናት የመጣሁት እኔ ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

ሆዳን እንባዋን ጠረገችና «ይቅርታ፣ የት ደርሰን ነበር?» ብላ መተርጎሟን ቀጠለች።

በሦስት ዓመት ውስጥ «እኔ» ብላ ስለ ራሷ ስታወራ የሰማሁት ዛሬ ብቻ ነው።

የሰው ሐዘን በአፋችሁ ሲያልፍ የሚውል አስተርጓሚዎች፣ ነርሶች፣ እስኪ ንገሩኝ፤ እናንተን «አንቺስ? አንተስ?» ብሎ የጠየቃችሁ ሰው አለ?

እኔ አልጠየቅኳትም።