የጥጥ ጢም

በልጅነቴ ቢቸና የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ኮሜዲ ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩት። የሦስቱም ጢም ጥጥ ነበር። አንደኛው ሲያስነጥስ ጢሙ ከግማሹ ይላቀቃል፤ አዳራሹ በሳቅ ይናጋል፤ ሰውዬው ጢሙን በመዳፉ ደግፎ ንግግሩን ይቀጥላል። ሆን ተብሎ ይሁን ማጣበቂያው ደክሞ፣ እስካሁን ማረጋገጫ አላገኘሁም።

ታሪኩ ቀላል ነው። እጁ ባዶ የሆነ ወጣት የነጋዴ ልጅ ይወዳል። አባትየው ለድሃ እንደማይድር ወጣቱ ስለሚያውቅ ሦስት ሥራ ፈቶች ሰብስቦ፣ ጋቢ አልብሶ፣ ሽማግሌ አድርጎ ይልካቸዋል። እነሱም ደጅ ቆመው ወጣቱን ባለ ርስትና ባለ ወፍጮ ያደርጉታል። አባትየው በበኩሉ ንግዱ ከስሮ ስሙ ብቻ የቀረ ሰው ነው። ሀብታም አማች አገኘሁ ብሎ ሴት ልጁን ይሰጣል። ሁሉንም የምታውቀው በሩ ጀርባ ቆማ የምትሰማው ሙሽራ ብቻ ናት።

አባትየውን ይጫወቱ የነበሩት የከተማችን ልብስ ሰፊ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ጠይቀው ሲጨርሱ ልብስ ሰፊው ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ አንድ ጊዜ ወደ ሽማግሌዎቹ፣ አንድ ጊዜ ወደ ልጃቸው በር ያያሉ፤ ከዚያ ጣራ በሚነቀንቅ ድምፅ «ሰጥ—ቻለሁ!» ይላሉ። «ሰጥ» ላይ እንደ ደጃዝማች ይጀምሩና «ቻለሁ» ላይ እንደ ጫጩት ይሰበራሉ። ያቺ ቃል ከመድረክ ወርዳ የቢቸና ሆነች። ገበያ ላይ በጉን በርካሽ የሸጠ ሰው ገመዱን ሲያቀብል በልብስ ሰፊው ድምፅ «ሰጥ—ቻለሁ!» ይላል። ካርታ የተሸነፈም እንደዚያው።

ሙሽራዋን የተጫወተችው ያኔ ተማሪ ነበረች። ዛሬ አስተማሪ ናት፤ ልጆችም ወልዳለች፤ ከተማው ግን አሁንም «ሙሽራዋ» ነው የሚላት። እኔ በጋዜጠኝነት ከከተማ ከተማ ስዞር ኖሬ ለእረፍት ቢቸና በገባሁበት አንድ ሰሞን ቤት ድረስ መጣች።

«ያን ኮሜዲ ፊልም ላደርገው ነው» አለች ሳትቀመጥ። «አንተ ትጽፈዋለህ።»

«እኔ የምጽፈው የሆነ ነገር ብቻ ነው።»

«ይሄም ሆኗል። አይተኸዋል። ጻፈው።»

የቸኮለችበትን ምክንያት ነገረችኝ። አዳራሹ የሲሚንቶ መጋዘን ከሆነ ቆይቷል፤ እሱን ለምዳዋለች። ልብስ ሰፊው ግን ጉሮሯቸው ውስጥ ዕጢ ተገኝቶ ባሕር ዳር የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ሐኪሙ ስለ ሕይወታቸው ተስፋ ሰጥቷል፤ ስለ ድምፃቸው ግን ቃል አልገባም። ያ «ሰጥቻለሁ» ከቀጠሮው በፊት ካልተቀረጸ ከናካቴው ላይቀረጽ ነው።

ኮሜዲው ታትሞ አያውቅም። ከሙሽራዋና ከልብስ ሰፊው አፍ እየቀዳሁ ጻፍኩት። የማይስማሙበት ንግግር ሲመጣ ሦስተኛ ሰው ፈልጌ አጣራሁ፤ የሥራ ልማድ ነው። ከዚያ እዚያው ቢቸና ላይ ሙከራ ተደረገ። ካሜራውን የያዘው ሰርግ በመቅረጽ የሚተዳደር ወጣት ነበር። አንድ አስተማሪ የጥጥ ጢም ለጥፎ ቆመ፤ ወጣቱ በቅርብ ቀረጸው፤ ተሰብስበን ስናየው ማጣበቂያው እንደ ንፍጥ ያብለጨልጫል። አስተማሪው ሲያስነጥስም ማንም አልሳቀ። አዳራሽ ውስጥ ውሸቱን የምንዋሸው ተጫዋቹና ተመልካቹ አብረን ነበር። ካሜራው ከኛ ጋር አልተስማማም።

«እውነተኛ ሽማግሌ ይፈለግ» አለች ሙሽራዋ።

ቀረጻው ሞጣ ሆነ። በባሕር ዳር መንገድ ላይ ስለሆነች ልብስ ሰፊው እዚያ ተጫውተው በማግስቱ ወደ ሐኪማቸው ይቀጥላሉ። ለነጋዴው የሚሆን የእንጨት በረንዳ ያለው አሮጌ ቤትም እዚያ ተገኝቷል። ባለቤቱ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በጨርቅ ንግድ ከኖረ ቤተሰብ የተወለዱ ሐጂ ናቸው። ቤቱን ፈቀዱ፤ ሽማግሌዎቹንም እሳቸው አመጡልን። ከሦስቱ የሚናገሩት አንዱ ብቻ ሲሆኑ፣ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ከሐጂ ጋር አብረው ስላደጉ አንተ ይባባላሉ። ሞጣ ውስጥ የተጣላ ባልና ሚስት ወይም ድንበር የተጋፋ ጎረቤት ካለ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያስታርቁታል።

ልብስ ሰፊው ድምፃቸውን እንዲቆጥቡ ካሜራው እስኪበራ መናገር ተከልክለዋል። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው የሚያልፈውን ሰው ትከሻ በዓይናቸው ይለካሉ፤ ልብሱ ያልተስተካከለውን በራስ ንቅናቄ ይኮንናሉ። የካሜራውን ልጅ ጃኬት ባለፈ ባገደመ ቁጥር ኮነኑበት።

የኔታ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው በጠዋት መጡ። ሥራ ፈት ሆነው እንደሚጫወቱ ስነግራቸው አልተቃወሙም። «እሱስ ሆኜ አውቃለሁ» አሉ። ከዚያ ድርሻቸውን አነበብኩላቸው፦ «ልጃችን ባለ ርስት ነው። ባለ ወፍጮ ነው። ቃሉ የታመነ ነው። ልጅዎን እንዲሰጡን እንለምናለን።»

«ማነው ይሄ ልጅ?»

«የለም የኔታ። ድርሰት ነው።»

«የለም? ለሌለ ልጅ ነው ወፍጮ የምተክልለት?»

ሐጂ ሳቁ። «ትከልለት እንጂ! ከኪስህ አይወጣ።»

«ከኪሴማ አይወጣም። ከአፌ ነው የሚወጣው።»

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ጋዜጠኛው፣ ድሮ ይህን የሚጫወቱት በጥጥ ጢም ነበር ብለሃል።»

«አዎ።»

«ሲጨርሱ ያወልቁታል።»

«ያወልቁታል።»

«ውሸቱም አብሮ ይወልቃል። እኔን ግን እየኝ። ጢሙ የኔ ነው። ፊቱ የኔ ነው። ድምፁም የኔ። ታዲያ ውሸቱ የማን ሊሆን ነው? ነገ እውነተኛ ደጅ ቆሜ እውነተኛ ልጅ ስጠይቅ፣ ‹የኔታ፣ ይሄም ወፍጮ እንደዚያኛው ነው?› ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?»

«ከፈለጉ ጥጥ እንለጥፍብዎታለን» አለች ሙሽራዋ።

«በጢም ላይ ጢም!» አሉ ሐጂ። «ባለ ፎቅ ሽማግሌ ልትሆን ነው።»

ሥራዬ ማይክሮፎን ሰው አፍ ፊት መደቀን ነው። ሰው እዚያ ላይ የተናገረው የራሱ ሆኖ እንደሚቀር፣ በኋላ ‹ለቀልድ ነው› ማለት እንደማያወጣው ለብዙ ባለሥልጣን ሳስታውስ ኖሬያለሁ። የኔታ ያሉት ይህንኑ ነው። ሙሽራዋን ጠጋ ብዬ ሌላ ሽማግሌ እንድትፈልግ ነገርኳት።

«የሌላውም ጢም የራሱ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ሄዳ የኔታ ፊት ቆመች። አልለመነችም፤ አላለቀሰችም። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እንደሚቆመው፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጇን አጣምራ ቆመች።

«ተቀመጪ እንጂ ልጄ» አሉ የኔታ።

«ጉዳዬ ሳይፈጸም አልቀመጥም።»

ሐጂ ጉልበታቸውን መቱ። «ያዘችህ!»

«የኔታ፣ ቅኔ ውሸት ነው?» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው? አይደለም።»

«ሰሙስ? ላይ ላዩን የሚሰማው?»

«ሰሙ ልብስ ነው። ወርቁ ውስጡ አለ።»

«እንግዲያው ወፍጮውን ይተዉት፤ ርስቱንም ይተዉት። እውነቱን ይናገሩ፤ ግን ልብስ ያልብሱልኝ። እኔ ይህን ነገር ዛሬ ካልቀረጽኩ…» ወደ በረንዳው አየች። ልብስ ሰፊው ሜትራቸውን እጃቸው ላይ ጠቅልለው ያዳምጡ ነበር። «ዛሬ ካልቀረጽኩ ነገ ያ ድምፅ ላይኖር ይችላል።»

የኔታ ልብስ ሰፊውን ትክ ብለው አዩአቸው። ተነስተው ግቢው ጥግ ወዳለው ወይራ ሥር ሄዱ። ከሩቅ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየናል። የካሜራው ልጅ ፀሐይዋ ልትዞርበት እንደሆነ አመለከተ።

«ተወው» አሉት ሐጂ። «እሱ ሲያሰላስል ዝናብም ይጠብቃል።»

ሙሽራዋ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ወንበር ቢመጣላትም በእጇ መለሰችው።

የኔታ ሲመለሱ መጀመሪያ የጠሩት እኔን ነው።

«አባይን እንዴት ትጽፈዋለህ?»

«ወንዙን በዐይኑ ዓ። ውሸታሙን በአልፋው አ።»

«ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ልጻፍ ብትልስ?»

«አይቻልም።»

«አፍ ግን ይችላል። እኔ የምለውን አትጻፈው፤ ይሄ መሣሪያችሁ ይስማው።» ወደ ሙሽራዋ ዞሩ። «በይ ተቀመጪ። ጉዳይሽ ተፈጽሟል።»

ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆሙ። ልብስ ሰፊው ባርኔጣቸውን አድርገው በረንዳው ላይ ወጡ። የተለመደውን ተባባሉ፤ ግቡ ሲባሉ አልገቡም፤ ተቀመጡ ሲባሉ አልተቀመጡም። የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው ተናገሩ፦

«የልጃችንን አገር ለጠየቁን፣ የአባይ ልጅ ነው። ቃሉም የአባይ ቃል ነው፤ ሲፈስ እንጂ ሲነጥፍ ያየው የለም። እንግዲህ፣ ለአባይ ልጅ ልጅዎን ይሰጣሉ ወይ?»

አሁን ስጽፈውም አንዱን ፊደል መምረጥ ግድ ሆነብኝ። ለሰሚው ግን ሁለቱም አለ። ላይ ላዩን ልጁ የጎጃም ልጅ ነው፤ ቃሉም እንደ ታላቁ ወንዝ ነው። ውስጡን ልጁ የውሸታም ልጅ ነው፤ ቃሉም የውሸታም ቃል ነው። የኔታ ወፍጮ አልተከሉም፤ ማንንም አልለመኑም። እውነቱን ለአባትየው ፊት ለፊት ነግረው ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

ልብስ ሰፊው ንግግሩን አስቀድመው አልሰሙትም ነበር። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ደረታቸው ላይ አደረጉ። ወደ ሽማግሌዎቹ አዩ። «አባይ» የምትለዋ ቃል ውስጣቸው ገብታ ስትገለበጥ በዓይናቸው አየሁት፤ የከንፈራቸው ጫፍ ሳቅ ሳቅ አለው። ወደ ልጃቸው በር ዞረው ከወትሮው አብልጠው ቆዩ። እኔ ለጩኸቱ ተዘጋጅቻለሁ። እሳቸው ግን አልጮሁም።

«ሰጥቻለሁ» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ የሚሰጠውን ነገርም የሚቀበለውንም ሰው አሳምሮ እንደሚያውቅ ሰው።

ከዚያ ሐጂ ሆዳቸውን ይዘው ከካሜራው ጀርባ ወደ ቤት ሮጡ፤ ሳቃቸው ቀረጻው ውስጥ እንዳይገባ።

ሙሽራዋ አልሳቀችም። ስንት ነገር ተሸክማ የመጣችው ለሌላኛው «ሰጥቻለሁ» ነበር። «አባዬ» አለቻቸው፣ ድሮ መድረክ ላይ እንደምትጠራቸው፣ «አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ድሮው?»

ሞከሩላት። «ሰጥ» ላይ ድምፃቸው ተሰነጠቀ፤ ሳል ያዛቸው፤ በረንዳውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ። እንደገና ሊሞክሩ ቀና ሲሉ እጇን አነሳች።

«ይብቃ። ይዘነዋል።»

«እኛም ሰርግ ላይ ድገሙት አንልም» አለ የካሜራው ልጅ፤ ሊያጽናናት ፈልጎ ይመስለኛል። እሷ ግን ባርኔጣውን ከልብስ ሰፊው እጅ ተቀብላ አቧራውን አራገፈችና ወደ ቀጣዩ ትዕይንት ሄደች። ፀሐይ እስክትጠልቅ ማንንም አላሳረፈችም።

ቀዶ ሕክምናው ልብስ ሰፊውን አተረፋቸው። ድምፃቸው አልተመለሰም፤ የቀረላቸው ሹክሹክታ ነው። ፊልሙ ያለቀ ጊዜ ቢቸና ላይ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተሸፍነው በቀን ታየ። የኔታና ሐጂም ከሞጣ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። እኔ ከልብስ ሰፊው አጠገብ ነበርኩ።

«የአባይ ልጅ ነው» ሲባል ከፊት ወንበር ያሉት ቀሳውስትና መምህራን ቀድመው ሳቁ። ከኋላ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ሲባል፣ አንዱ ለአንዱ ሲፈታ፣ ሳቁ ወንበር በወንበር እየተሻገረ እኛ ዘንድ ደረሰ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ባርኔጣው ወለቀ። አዳራሹ የሚመጣውን ያውቃል። አባትየው ወደ በሩ ዞረው ሲቆዩ ሕዝቡ መጠበቅ አልቻለም፤ አዛውንቱም፣ ነጋዴውም፣ ኮሜዲውን አንዴም ያላየው ተማሪም፣ በአንድ አፍ፣ በልብስ ሰፊው በድሮ ድምፅ፣ ጣራ በሚነቀንቅ ጩኸት «ሰጥ—ቻለሁ!» አለ። «ቻለሁ» ላይ ሁሉም እንደ ጫጩት ተሰበረ።

ጩኸቱ ሲበርድ ከስክሪኑ ያ ዝቅ ያለው መጣ። «ሰጥቻለሁ።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ውይ፣ ውሸቱን አውቀውት ነው!» ስትል ሰማሁ፤ ሳቁ እንደገና ተነሳ።

ሙሽራዋ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ፊልሙን ትታ ሕዝቡን ነበር የምታየው። ለማዳን የሮጠችለት ድምፅ ከዚያ ሁሉ አፍ ሲወጣ ሰምታለች። ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

ልብስ ሰፊው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ለምን እንደ ድሮው እንዳልጮሁ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ እሳቸው ግን መልሱን ይዘውት የቆዩ ይመስላል።

«ሽማግሌው እውነቱን ነገሩኝ እኮ» አሉ በሹክሹክታ። «እውነቱን ከሰማህ በኋላ እንደ ሞኝ ትጮሃለህ?»