የልብስ ሰፊው የሻምፒዮን ልብ

ልብስ ሰፊው ሻምፒዮን የሆነው ከወንበሩ ሳይነሳ ነው። ሌላው ሰው ዳገት ለዳገት ሲያለከልክ፣ እርሱ የስፌት መኪናው ላይ እንዳጎነበሰ ክብሩ ሱቁ ድረስ መጣለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሩጫ ክለቡን ቱታ የሚሰፋው እርሱ ነበርና፣ አንዲት ዝነኛ ሯጭ ልትለካ መጥታ በጨዋታ መሃል፣ "የእኔ ልብ አርፌ ስቀመጥ በደቂቃ አርባ ጊዜ ብቻ ነው የሚመታው" አለችው። እንደወጣች የእጁን አንጓ ይዞ ቆጠረ። አርባ! ሜትሩን አንስቶ ደረቱን ሲለካ ደግሞ የእርሷን በእጅጉ በለጠ። ለልብስ ሰፊ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይመጣል? ሆዱ ከደረቱ ለምን እንደበለጠ ግን አልመረመረም።

የሯጯን ልብ ጠጋ ብለን እንየው፤ ድንቅ ነገር ነውና። ለዓመታት የሮጠ ሰው የልቡ ክፍል ይሰፋል፣ ግድግዳውም ይጠነክራል። የሌላው ልብ በብርጭቆ የሚቀዳውን ደም ያ ልብ በጆግ ይቀዳዋል። እረፍት ላይ ታዲያ ምን አስቸኮለው? ሩጫው ሲጀመር ግን ምቱ እስከ አራት እጥፍ ይንራል፤ በጆግ እየቀዳ፣ ያውም በጥድፊያ! ኦክስጅን የጫነው ደም እግር ድረስ የሚጎርፈው እንዲህ ነው። የሻምፒዮን ልብ ማረፍም መነሳትም ያውቅበታል። ልብስ ሰፊያችን የሰማው የሚጥመውን ግማሽ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ደረጃ ሲወጣ ዓይኑ ጭልም ካለበት "ሰውነቴ ኃይል እየቆጠበ ነው" ይላል። ጎረቤቶቹም "ሻምፒዮን፣ ውድድሩ መቼ ነው?" እያሉ ያሞቁታል።

አንድ ቀን ሯጯ ቱታዋን ልትወስድ በመጣችበት ሰዓት ነርስ የሆነችው ታላቅ እህቱ ደረሰች። ወንድሟ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

"ደግሞ ምን ሆንክ?"

"ምንም እትዬ። የሻምፒዮን ልብ እኮ ነው፤ አርባ!"

እህቱ አልሳቀችም። "እስቲ ሁለታችሁም ጠረጴዛውን ይዛችሁ ባላችሁበት እግራችሁን እያነሳችሁ እርገጡልኝ። ቀስ እያላችሁ።"

"ጋሼ፣ እንዳያሸንፉኝ!" አለች ሯጯ።

ጥቂት እንደረገጡ እህቱ አንጓቸውን በየተራ ያዘች። የሯጯ ምት ተነስቷል። የወንድሟ እዚያው አርባ ላይ ተገትሯል።

"አየሽ!" አለ፣ ከንፈሩ አመድ መስሎ ላቡን እየጠረገ። "እሷ ተረበሸች፣ እኔ ንቅንቅ አላልኩም!"

"እሱ ነው እኮ የሚገድልህ! እግርህ ደም ሲጠይቅ ልብህ አይሰማም። ተነስ፣ ሐኪም ቤት!"

"የክለቡ ቱታስ?"

"ሞተህ ትሰፋዋለህ?"

ሯጯ በብብቱ ገብታ ደግፋ ታክሲ ውስጥ አስገባችው። ለሻምፒዮን የሚገባ አጀብ ነው።

ሐኪሞቹ ደረሱበት። ከልቡ ላይኛው ክፍል የሚነሳው "ምታ" የሚል ትእዛዝ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ታችኛው ክፍል በገዛ ራሱ ዘገምተኛ ምት ነፍሱን እየጎተተ ነበር። ከትከሻው በታች፣ ከቆዳው ሥር፣ ትእዛዙን የሚያደርስ ትንሽ መሣሪያ ተከሉለት።

ቁስሉ ሲጠግ እህቱ ያንኑ ጠረጴዛ አስይዛ አስረገጠችው። ምቱ ተነሳ፤ ቆም ሲል ወረደ። ዓይኑም አልጨለመበትም።

"ይሄማ የማንም ልብ ነው" አለ ቅር ብሎት።

"እሰይ!" አለች እህቱ አንጓውን ሳትለቅ። "የማንም ልብ ይሁንልኝ።"