የእናቴ ቮልስ እና የአጎቴ ግንብ

የመኪና ስቱኮ ሽታ ዛሬም ባለሁበት ያቆመኛል። ወደ ሥራዬ ስሄድ ሞጆ መግቢያ ላይ ካሉት ጋራዦች በአንዱ በኩል ሳልፍ ያ የሚሰነፍጥ፣ ጣፋጭ መሳይ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው፣ ወዲያው የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆንና፣ ናዝሬት እኛ ግቢ፣ ኒም ዛፉ ጥላ ውስጥ፣ ከአሮጌ ቮልስ ሥር ብቅ ያሉ ሁለት እግሮች ይታዩኛል። እግሮቹ የእናቴ ናቸው። ከቀሚሷ ሥር የአባቴን ሱሪ አጥልቃ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ በጀርባዋ ካርቶን ላይ ተንጋልላ ትሠራ ነበር። ሰፈሩ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲያወራ ከረመ፤ ያውራ።

ቮልሷ የአያቴ ነበረች። አያቴ ሲሞት ግቢው ለአባቴና ለታላቅ ወንድሙ ለአጎቴ ለሰይድ ተከፈለ፣ ቤቱም ዕቃውም ተከፈለ፣ ቮልሷን ግን የፈለጋት አልነበረም፤ ጎማዎቿ ተንፍሰው፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ትጥልባት ነበር። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን ጨርሰው ሊነሡ ሲሉ እናቴ ከጓዳ ብቅ አለችና «እሷን ለእኔ ስጡኝ» አለች። አጎቴ ሳቀ። ክፉ ሳቅ እንኳን አልነበረም፣ ትልቅ ሰው በሕፃን ወግ የሚስቀው ዓይነት ነበር፣ እኔንም ያናደደኝ ይኸው ነው።

«እሺ ዘሀራ» አላት፣ «በራሷ ሞተር ከዚህ ግቢ ካወጣሻት ያንቺ ናት። እስከሚመጣው ዓመት አረፋ ካልወጣች ግን ቁራሌው ይጎትታታል።»

«ሰምታችኋል አይደል?» አለች እናቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ልጅ ሳትወልድ በፊት ኮምቦልቻ መንጃ ፈቃድ አውጥታ ነበር፣ መኪና ግን ነድታ አታውቅም፤ አባቴም ጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይዞ ስለሚሠራ በወር ሁለት ጊዜ ቢመጣ ነው። ስለዚህ በዚያ በጋ፣ ንፋሱ አቧራውን ከመንገድ እያፈሰ ግቢያችን ውስጥ ሲደፋ፣ የስፌት መኪናዋን በፈታችበት እጇ ቮልሷን መፍታት ጀመረች። የፈታችውን ብሎን ሁሉ ከስፌት በተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ትቋጥር ነበር፤ የሞተሩን በቀይ፣ የፍሬኑን በአረንጓዴ፣ የበሩን በአበባ ጨርቅ። ግድግዳችን ላይ ቋጠሮው ተርታውን ተሰቅሎ የመጣ ሁሉ የመድኃኒት ሥር ይመስለው ነበር።

አስተማሪዋ ጎረቤታችን ኦቦ ቱፋ ነበሩ፣ አቦምሳ ብዙ ዘመን በመካኒክነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መፍቻ አይነኩም፤ በየማታው «አካም ኦልቴ ዘሀራ!» እያሉ ገብተው፣ ጀሪካን ገልብጠው ተቀምጠው፣ በአፋቸው ብቻ ያሠሯት ነበር። «አትፍሪያት፣ ጠበቅ አድርጊው» ይሏታል፤ ስትሳሳት ደግሞ «ኧረ በፈጠረሽ፣ ቀሚስ መሰለሽ እንዴ?» እያሉ ይስቁባታል፣ እሷም አብራ ትስቃለች።

ክረምት ሲገባ ቮልሷን በአባቴ ሸራ ሸፍና በሮቿን ነቅላ ሳሎን አስገባቻቸው። እንግዳ ሲመጣ እግሩን አንሥቶ የቮልስ በር ተሻግሮ ነበር የሚቀመጠው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እሷ ብርጭቆ ወረቀቷን ይዛ ቀለሙን ስትፍቅ፣ ከነጩ ሥር ቢጫ፣ ከቢጫው ሥር ሰማያዊ ይወጣ ነበር። አክስቶቼ እየመጡ «ምነው ባልሽን ብታስቢለት?» ይሏት ነበር። አባቴ ሲመጣ ግን ሻንጣው ውስጥ ካንዴላና የፍሬን ሸራ ደብቆ ያመጣላታል፤ ወንድሙ ፊት ሲሆን ደግሞ አንድ ቃል አይተነፍስም። ይህ ዝምታው ከአጎቴ ሳቅ ይልቅ ያበሽቀኝ ነበር።

መስከረም እንደጠባ ሞተሩ ተመልሶ ተገጠመ፣ አጎቴም መሳቁን ተወ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለት ግንበኞች የግቢውን ሰፊ በር ነቅለው፣ ክፍተቱን በብሎኬት ሲደፍኑት ደረስኩ። አጎቴ ወደፊት ሱቅ ሊያሠራበት እንደሆነ ተናገረ። ለእኛ ሰው ብቻ የሚያልፍባት ጠባብ የብረት በር ተተወችልን። አለቀስኩ። እናቴ የወንበር ልብስ እየሰፋች ነበር፣ እግሯን ከስፌት መኪናው ላይ እንኳን አላነሣችም።

«እማዬ፣ በየት ልታወጫት ነው?»

«መጀመሪያ ትነሣ» አለችኝ።

አረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው ተነሣች። ኦቦ ቱፋ የረዥም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ብዙ አዳመጡና «እየተነፈሰች ነው» አሉ፤ እናቴ ቅባት በነካው እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

በአረፋው ቀን፣ ከሶላት መልስ፣ እነዚያው ሽማግሌዎች እኛ ግቢ በልተው ሲጫወቱ እናቴ የበዓል ልብሷን እንደለበሰች ሄዳ ቮልሷን አስነሣች። አጎቴ ብድግ ብሎ «በራሷ ሞተር ከግቢ ከወጣች ነው ያልነው» አለ፣ «በሩ የታለ?»

«በሩን የዘጉት እርስዎ ነዎት፣ ወንድም ጋሼ» አለች፣ «እኔ እከፍተዋለሁ።»

ከኒሙ ሥር ያኖረችውን ትልቅ መዶሻ አንሥታ ግንቡን መታችው። የመጀመሪያው ምት አቧራ ብቻ አስነሣ፣ በሦስተኛው አንድ ብሎኬት ወደ መንገዱ ወደቀ። አጎቴ «ከድር፣ ሚስትህን ያዛት!» ብሎ አባቴ ላይ ጮኸ። አባቴ ከመቀመጫው ተነሣ፣ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለ፣ በጠባቧ በር ሹልክ ብሎ ወጣ። የሸሸ መስሎኝ አፈርኩበት። በኋላ፣ ግንቡ ተሰነጣጥቆ ቮልሷ የምታልፍበት ያህል ሲከፈት፣ መንገዱ ላይ ባጃጅና ጋሪ አስቁሞ፣ ፍርስራሹን ወደ ዳር ገፍቶ ቆሞ አየነው። ያ ትልቅ ሹፌር፣ መሪ ለያዘችው እናቴ ረዳት ሆኖ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማው፣ «ነይ፣ ነይ፣ ግራ ስበሪ! አይዞሽ፣ ሙሉ ስበሪ!» እያለ ይጮህ ነበር። አንደኛው የቮልሷ በር ብሎኬቱን ገጭቶ ተላጠ፤ እሷ ግን አላቆመችም።

አጎቴ ያን ክፍተት መልሶ አልደፈነውም። ቆይቶ ሰፊ የብረት በር አስገጠመለት፣ ዛሬ ልጆቹ መኪናቸውን የሚያስገቡት በዚያ ነው። እኔም ዛሬ በራሴ መኪና ሞጆ እመላለሳለሁ፣ ምን ቆርጦሽ ያለኝ ሰው የለም፣ መዶሻም ማንሣት አላስፈለገኝም። በበዓል ስንሰበሰብ ዘመዶቼ ያንን ጊዜ የሚጠሩት «ግንቡ የወደቀ ዓመት» እያሉ ነው፤ ልጅ ሳለሁ አጎቴን ፈርቼ እኔም እንደነሱ እል ነበር። አሁን ከአፋቸው እየነጠቅሁ አርማቸዋለሁ። ግንቡ አልወደቀም። እናቴ ናት ያፈረሰችው።