ከጓሮ የተፈታው ጥምጣም

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ልጄን ምሕረትን ለትዳር ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ቤቴ የመጡ ዕለት ነው። ሌላው አባት እንዲህ ያለውን ቀን የሚያስታውሰው በምርቃቱና በድግሱ ይሆናል። እኔ የማስታውሰው ግን በዚያው ቀን ካወቅኋቸው ሰውዬ ጋር ከበጎቼ በረት ኋላ ቆሜ አናት ለአናት ስንመረማመር ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ባለቤቴ አስካለ «ደግሞ ምን አሰብክ?» ትለኛለች። ታውቀዋለች እኮ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ፣ ማለቴ ስለ ጭንቅላቴ ልንገራችሁ። ዘመሮ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስድሳን ካለፍኩ በኋላ ከጆሮዬ ኋላ ጀምሮ እስከ ማጅራቴ ወፍራም ነጭ ቅርፊት ይወጣብኝ ጀመር። ከሥሩ ቀይ ነው። ሲያሳክክ ሰው ያሳብዳል። ካከኩት ይደማል፣ ከተውኩት ይረግፋል። ትከሻዬ ዱቄት የተነፋበት ስለሚመስል ጥቁር ኮት መልበስ ተውኩና ነጭ ጋቢ ብቻ ሆነ ልብሴ። ለራሴም ውስጡን ለስላሳ ገበር ያለው ባርኔጣ ሰፋሁ። አገራችን ብርድ ስለሆነ ባርኔጣውን የማያወልቅ ሰው ማንም ብዙ አይጠረጥርም። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ባርኔጣዬን በአንድ እጄ አውርጄ በሌላው ጋቢዬን እከናነባለሁ። በዚህ በጣም ፈጣን ሆኜ ነበር።

ምስጢሩን የሚያውቁት አስካለና ምሕረት ብቻ ነበሩ። ምሕረት ደብረ ብርሃን አስተማሪ ናት። እየጎተተች የቆዳ ሐኪም ዘንድ የወሰደችኝም እሷ ናት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጭንቅላቴን በባትሪ አየችና «ሶሪያሲስ ይባላል» አለችኝ። «ቆረቆር አይደለም፣ ለምጽም አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ማበጠሪያዎን ሌላ ሰው ቢጠቀምበት እንኳ አይተላለፍበትም።»

«ይለቀኛል?» አልኳት።

«ጨርሶ ይጠፋል ብዬ አልዋሽዎትም። ይሄዳል፣ ይመለሳል። ግን ይገራል።»

እንዴት እንደሚገራም አሳየችኝ። መጀመሪያ ቅርፊቱን በቅባት ማለስለስ፤ ከዚያ ሬንጅ ሬንጅ በሚሸት ሻምፖ ቀስ ብሎ መታጠብ፤ ሲደርቅ ደግሞ ፀጉሩን ከፈል እያደረጉ ጠብታውን ቆዳው ላይ ማንጠብጠብ። ፀጉሩን መድኃኒት ማጠጣት ዋጋ የለውም አለች። ቅርፊቱን በጥፍር መላጥ ክልክል ነው፤ ይባስ ብሎ ያስቆጣዋል። ጠብታውንም ከታዘዘው በላይ እንዳልደጋግም አስጠነቀቀችኝ፤ በዕድሜ ቆዳ ይሳሳልና። እኔም እንደታዘዝኩት አደረግኩ። ቅርፊቱ ሳሳ፣ እንቅልፌም ተመለሰ። ባርኔጣዬ ግን ከራሴ አልወረደም። ማውለቁን ሐኪሟ አላዘዘችልኝም።

እንግዲህ ምሕረት ያገኘችው ልጅ ሀብታሙ ይባላል። የራቤል ከተማ ልጅ ነው፣ ሥራው ግን እዚያው ደብረ ብርሃን ነው። አባቱ አቶ ደምሴ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንደሚመጡ ሲሰማ ታላቅ እህቴ ዘነበች ከሰፈርተኛው ሁሉ ቀድማ ቤቴ ደረሰች። ዘነበች ነገር ካሸተተች እንቅልፍ የላትም።

«ሰውየው ቄስ ሳይሆን ጥምጣም እንደሚያስር ሰምተሃል?» አለችኝ።

«ብርድ ይሆናላ።»

«በብርድ ማን ጥምጣም ያስራል? አንድ የደበቀው ነገር አለ። ለምጽ ቢሆንስ? ዘር ነው እኮ። ራሱን ሳታይ ልጅቱን ለመስጠት እሺ እንዳትል።»

አስካለ ከወዲያ ሆና ሳቋን ለመዋጥ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔ ባርኔጣዬን ወደታች ጎተት አደረግኩና «ግድ የለም፣ አየዋለሁ» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። አቶ ደምሴ፣ አንድ ቄስ፣ አንድ ዘመዳቸው። አቶ ደምሴ ረዘም ያሉ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። በራሳቸው ላይ እውነትም ትልቅ ጥምጣም አለ። ሰላምታ ተሰጣጥተን እንደተቀመጥን እኔ ጥምጣሙን አያለሁ፣ እሳቸው ባርኔጣዬን ያያሉ። በኋላ እንደነገሩኝ ለካ እሳቸውም ራቤል ላይ ከእህታቸው ትእዛዝ ተቀብለው ነው የመጡት፤ «የልጅቱ አባት ባርኔጣውን ከራሱ አያወርድም ይባላል፣ ምን እንደደበቀ ሳታይ ቃል እንዳትገባ» ተብለው።

መጀመሪያ የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ከኮሮጇቸው የሱፍ ቆብ አወጡ።

«ከራሴ በጎች ሱፍ የተሠራ ነው። ለእርስዎ ብዬ ነው ያመጣሁት። እስቲ ይለኩልኝ።»

«ልብስ ሰፊ ዓይኑ ሜትር ነው። ልኬ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ቆቡን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

ዘነበች ደግሞ የምታግዘኝ መስሏት «እንግዳ ያመጣውን አይለኩም ይባላል? ለካው እንጂ» አለች። እንደዚያ ቀን እህቴን ተቆጥቻት አላውቅም።

ተራው የእኔ ሆነ። አቶ ደምሴን «በብርድ መጥተዋል፣ ይጠጉ» ብዬ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳቸውና እንጨት አስጨመርኩ። ቤቱ እንደ ዳቦ ቤት ጋለ። ቄሱ ጋቢያቸውን ጣሉ። ዘመድየው ሹራቡን አወለቀ። አቶ ደምሴ ላባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ቁጭ ብለዋል።

«ጥምጣሙን ትንሽ ቢያላሉት» አለች ዘነበች።

«እኔ እንኳ ገና አልሞቀኝም» አሉና ይባስ ብለው አጠበቁት።

ይሄኔ ሙቀቱ እኔንም ያዘኝ። ጭንቅላቴ በላብ ሲርስ እንዴት እንደሚያሳክክ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ቄሱ ስለ ጋብቻ ክቡርነት መናገር ጀመሩ። ሁሉም ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። አቶ ደምሴ ቀስ ብለው ከኪሳቸው የጥርስ መፋቂያ አወጡ። ጥርሳቸውን ሊፍቁ ነው ስል በጥምጣሙ ሥር ከጆሯቸው ኋላ አስገቡት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በቄሱ ቃል የተመሰጡ መስለው፣ መፋቂያውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች።

እኔም ሱቄ ውስጥ ደንበኛ ሲኖር የማደርገው ይህንኑ ነው። የእኔ መሣሪያ የእንጨት ማስመሪያ ነው። በዚያ ላይ ትከሻቸውን አየሁት። ነጭ ጋቢ ነው፣ ግን ነጭ ላይ ነጭ ነገር አለ። ገባኝ።

ቄሱ ሲጨርሱ ተነሣሁ። «አቶ ደምሴ፣ የበግ ነገር ያውቃሉ አሉ። ጓሮ ያሉትን አይተው ይፍረዱልኝ።»

ደስ እያላቸው ተከተሉኝ። ምድጃውን ለመሸሽ በግ ቀርቶ አህያም ባሳያቸው ይወጡ ነበር።

በረቱ ኋላ ስንደርስ ዞር ብዬ «ከኋላ ነው ወይስ ከፊት?» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«መፋቂያው የገባበት።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። የሚቆጡ መሰለኝ። ቃል ሳልጨምር ባርኔጣዬን አወለቅኩና አጎነበስኩላቸው። ከዚያ የመነጽራቸው ማኅደር ሲከፈት ሰማሁ። ፀጉሬን በጣታቸው እየከፈሉ፣ እንደ ገበያ ዶሮ እያገላበጡ አዩኝ።

«ይሄማ ቀላል ነው» አሉ በመጨረሻ። «የእኔን ያላዩ።»

ጥምጣማቸውን መፍታት ጀመሩ። ጨርቁ አያልቅም። ጫፉን ያዝኩላቸውና እስከ አጥሩ ድረስ ሄድኩ። መጨረሻው ሲወጣ ቅርፊቱ ተነሣና ከሥራቸው የቆመው ጥቁር በግ ላይ ረገፈ። በጉ ጀርባውን አራገፈና ትቶን ሄደ። እውነትም የእሳቸው ይብስ ነበር። ግንባራቸው ድረስ ወርዷል፤ አንዳንዱ ቦታ ደምቷል።

«ሐኪም አይተውታል?»

«ምን ብዬ? ቅቤ ቀባሁት። ጠበል ገባሁ። ድኝም ሞከርኩ። አንድ ጊዜ ላምባ ይገድለዋል ቢሉኝ ላምባ ተቀባሁና ባለቤቴ እንዳልቃጠል ብላ ለሳምንት ከምድጃ አባረረችኝ። ልጄ ሐኪም ቤት እንሂድ ብሎ ለምኖኝ ነበር፤ አገር ሊያየኝ ነው ብዬ እንቢ አልኩት።»

ሐኪሟ የነገረችኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ላምባ ቆዳውን ከማቃጠል ሌላ ፋይዳ እንደሌለው፣ መጀመሪያ ማለስለስ እንደሚገባ፣ ከማንም እንዳልተጋባባቸውና ለማንም እንደማይጋባ። የሚውጡት ሌላ መድኃኒት እንዳለም ጠየቅኳቸው፤ እኔን ሐኪሟ ጠይቃኝ ነበርና። የደም ግፊት ክኒን አለኝ አሉ። «አንዳንዱ ክኒን ያባብሰዋል ብላኛለች። ራስዎ ግን እንዳያቆሙት፤ ለሐኪሟ ያሳዩዋት» አልኳቸው።

«ሚስቴንም አይይዛትም ነው የሚሉኝ?» አሉ። ቀስ ብለው ነው የጠየቁት። «እኔ መኝታ ለይቼ ነው የምተኛው። ከጀመረኝ ጀምሮ።»

ይሄን ሲሉ ሳቄ ጠፋ። «አይይዛትም» አልኩ። ጣቴን አናታቸው ላይ፣ ቅርፊቱ የበዛበት ቦታ ላይ አሳረፍኩት። እሳቸውም እጃቸውን ወደ እኔ ራስ ዘረጉ። እንደዚያ ሆነን፣ ሁለት ሽማግሌ አንገታችንን ደፍተን፣ ሊዋጉ እንደተጠጉ በጎች ቆመን ሳለ ከበረቱ ካብ በላይ የዘነበች ራስ ብቅ አለ።

አማተበች። «ሁለታችሁም?» አለች።

ተያይዘን ራሳችንን ሳንሸፍን ወደ ቤት ገባን። እኔ ለተቀመጠው ሰው በሽታው ምን እንደሆነ፣ እንደማይጋባም አስረዳሁ። ዘነበች ግን የዋዛ አይደለችም።

«በዘርስ አይመጣም?»

መዋሸት እችል ነበር። «በቤተሰብ ሊኖር ይችላል» አልኩ። «ግን ወላጁ ያለበት ልጅ ሁሉ ይይዘዋል ማለት አይደለም።»

«ይኸው። በአንድ ወገን ቢሆን ደግ። በሁለቱም ወገን ሲሆን ነገ ልጅ ቢወልዱ ምን ሊሆኑ ነው?»

አቶ ደምሴ የተጠቀለለውን ጥምጣም እቅፋቸው ውስጥ ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ዘመድየው ወደ በሩ ተመለከተ። ቄሱም «እንግዲህ ይህ የልጆቹ ነገር ነው፣ ልጅቱ ትጠራ» አሉ። ያን ጊዜ እውነቱን ተናግሬ የልጄን ትዳር ያፈረስኩ መሰለኝ።

ምሕረት ከጓዳ ወጣች። ሁለታችንንም አየችን፣ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እሳቸውን። ያላሰብኩት ነገር ሆነ። ሳቀች።

«አባባ፣ እኔና ሀብታሙ የት የተዋወቅን ይመስልዎታል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ሐኪሟ በር ላይ ነዋ። እርስዎ ውስጥ ሆነው ሲታዩ እኔ ውጭ እጠብቃለሁ። እሱ ደግሞ አባቱ አልመጣ ቢሉት ቢያንስ ምክር ልጠይቅላቸው ብሎ መጥቷል። ስለ እናንተ ጭንቅላት ስናወራ ዋልን። የሁለታችሁንም እናውቃለን። ስለ ልጆቹም ሐኪሟን ጠይቀናታል፤ አባባ ያሉትን ነው ያለችን። ልጆቹ ላይ ቢወጣም መድኃኒቱን እናውቃለን፤ የማናውቀው እናንተ እንዴት እንደምትተያዩ ነበር።»

አቶ ደምሴ ራሳቸውን አነሱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ ግን ከንፈራቸው ይስቃል። ዘነበች ወደ ቄሱ ዞራ «እንግዲያው አባቴ፣ ሽማግሌ የላከው በሽታው ነው። እናንተ ዝም ብላችሁ ነው የደከማችሁ» አለች። ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። ምርቃቱም በዚያው ሳቅ መሀል ሆነ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተደገሰ። አቶ ደምሴ ሐኪሟ ዘንድ ሄደው ታዩ። ክኒናቸውንም የግፊት ሐኪማቸው በሌላ ቀየረላቸው። እንደ እኔው ጨርሶ አልለቀቃቸውም፤ በብርድ ወራት ይነሳባቸዋል። ግን ከሚስታቸው ጋር አንድ አልጋ ተመልሰዋል። ይህን የነገሩኝ እየሳቁ ነው፣ ፊታቸውንም አዙረው ነው።

ችግሩ የራስን ማጅራት ማየት አለመቻል ነው። ጠብታው የት እንደወደቀ አይታወቅም። ስለዚህ ስንገናኝ አንዳችን የሌላችንን ራስ እናጥባለን፣ እንቀባለን። ራስ ከተጣጠቡ በኋላ እርስዎ መባባል ስለማይመች አንተ ተባባልን።

በቅርቡ ራቤል ሄጄ ደምሴ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጦኝ በዚያ በሚሸተው ሻምፖ ያሸኝ ጀመር። አንድ ጎረቤቱ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ አፍንጫውን ያዘና «ሬንጅ ሬንጅ ይላል፣ መንገድ ሊሠራልን ነው እንዴ?» አለ።

ደምሴ ማሸቱን ሳያቆም «አዎ፣ ጀምረናል» አለው። «እዚህ ሰውዬ አናት ላይ ደርሰናል።»

ጎረቤቱ ሊያይ ወደ ግቢው ገባ፣ ሌላም ሰው ተከተለው። ድሮ ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ያን ቀን ግን አረፋው ዓይኔ ገብቶ እያቃጠለኝ፣ በእነዚያ ሁሉ ሰዎች ፊት ራሴን ደፍቼ፣ ከሁሉም በላይ የምስቀው እኔ ነበርኩ።