ከአቃቂ ሳሪስ የተመላለሰ ሰላምታ

ዓርብ ዓርብ የልጅ ልጄ ከአባቷ ቤት፣ ከኮዬ ፈጬ ስትመጣ ሹራቧ የሌላ ቤት ሳሙና ይሸታል። ያ ሽታ አፍንጫዬ ከገባ መቀመጥ ያቅተኛል፤ ከሳሎን በረንዳ፣ ከበረንዳ ግቢ በር እመላለሳለሁ። ልጄ «አባዬ፣ ኧረ ቁጭ በል፣ ምንጣፉን ጨረስከው!» ትለኛለች። እሷና የቀድሞ ባሏ ማን ልጅቷን እንደሚወስድ፣ ማን እንደሚያመጣ፣ ሁሉን በስልክ ተጻጽፈው ይጨርሳሉ። እኔን የሚያማክር የለም። ይገርመኛል፤ ማንበብን ከሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ብቻዬን እንደተማርኩ ሁሉ፣ በተለያዩ ባልና ሚስት መካከል መልእክት የማመላለሱንም ሙያ ገና በልጅነቴ ያለ አስተማሪ የተካንኩ ሰው ነኝ።

እናትና አባቴ ሲለያዩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ትምህርት ቤቱ ለአባቴ ይቀርባል በማለት የትምህርት ቀኑን አቃቂ፣ ቅዳሜና እሁድን ደግሞ እናቴ ሳሪስ አቦ አጠገብ በተከራየቻት ክፍል እንዳሳልፍ ወሰኑ። ሁለቱ ግን ተኳርፈው ስለነበር የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነበር። አባቴ ከክር ፋብሪካው የጥጥ ብናኝ ቅንድቡ ላይ እንደተቀመጠ መጥቶ «እናትህን፣ ይህን ልጅ እህል አታቀምሺውም ወይ በላት» ይለኛል። እናቴም ጎመን እየቀነጠሰች «ያንን ደረቅ፣ የልጁን ቁልፍ መስፋት አቃተው ወይ በለው» ትላለች። እኔ ቃሊቲን ሳላልፍ መልእክቱን አሳምረዋለሁ። ሳሪስ ስደርስ «አባዬ ደህና ናት ወይ ብሏል»፣ አቃቂ ስመለስ «እማዬ ከስቷል ወይ ብላለች» ይሆናል። ኋላማ ደፍሬ «ናፍቆኛል ብላለች» ጨመርኩበት። እንዲህ ያለ ምላስ ያለው ልጅ በሰፈሩ አልነበረም፤ ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ ወደ ቤቷ እንድትመለስ።

ያዘልኝም። አባቴ ጺሙን መላጨት አዘወተረ፤ እናቴም ስሙን ስታነሳ ድምጿ ለስለስ አለ። አንድ እሁድ አባቴ የክት ኮቱን ለብሶ፣ ብርቱካን ይዞ፣ ሊወስደኝ ራሱ ሳሪስ መጣ። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ እኔ በመካከላቸው ባንድ እግሬ እዘላለሁ።

«መልእክትሽ ደርሶኛል» አላት።

«የምን መልእክት?»

«ናፍቆኛል ያልሽው ነዋ።»

እናቴ ወደ እኔ አየች። ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እኔስ ቁልፉን ስፋለት ነው ያልኩት። አንተስ፣ ደህና ናት ወይ ብለህ ልከሃል?»

አባቴ ብርቱካኑን ደፉ ላይ አስቀምጦ እጄን ያዘና ሄድን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በቀጥታ መነጋገር ጀመሩ፤ «አሞታል»፣ «ጫማ ጠቦታል»፣ «ቅዳሜ ቶሎ አምጣው»። ሽማግሌዎች ያቃታቸውን እኔ አነጋገርኳቸው ብዬ እስከ ዛሬ ለሰው አወራለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ነገር ግን እናትና አባቴ የሚተሳሰቡበት ቤት አቃቂም ሳሪስም አልነበረም፤ የነበረው እኔ በማልፍበት መንገድ ላይ ብቻ ነበር። እስካድግ ድረስ ያን መንገድ የማደርሰው መልእክት ሳይኖረኝ፣ ባዶ አፌን ተመላለስኩበት።