ክርኑ እዚያው የቀረ ክንድ

አጎቴ በገና ደርዳሪ ነበሩ። የተበላሸ ቅኝት ሲሰሙ የሚሸፍኑት ጆሯቸውን ሳይሆን አፍንጫቸውን ነበር። «ይሸታል» ይሉና የጋቢያቸውን ጫፍ ይስባሉ።

የአክስቴ ልጅ ንፋስ መውጫ ከተማ አናጢ ነው። የአውራጃው ትምህርት ቤት ፈረንጅ አስተማሪ የያዘውን ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታር አይቶ አምሳያውን ሠራ። ድምፁ እንዲጎላ ብሎ አንገቱን በስንዝር አስረዘመው፤ አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉትን፣ ጣት ክሩን የሚጫንባቸውን ሽቦዎች ግን በፈረንጁ ጊታር ልክ ደረደራቸው። ክሩ ሳይጫኑት ደህና ነው፤ ሲጫኑት ይጎመዝዛል፤ ጣት ወደ ሆዱ በቀረበ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል።

አጎቴ አንዴ ሰምተው አፍንጫቸውን ያዙ።

«ጋሼ፣ ክሩን ላጥብቀው?» አላቸው።

«ብታጠብቀውም ሽታው አይለቅም። ክንዱን አስረዝመህ ክርኑን እዚያው ተውከው። ሽቦዎቹን ንቀልና እንደ ክሩ ርዝመት አራርቃቸው።»

«እሺ» አለ፤ አልነቀለም።

በአጎቴ የአርባ ቀን ተዝካር ያንኑ ጊታር ይዞ መጣ። «ለጋሼ መታሰቢያ» ብሎ፣ በገናቸው ይሰቀልበት ከነበረው ባዶ የግድግዳ ችካል ሥር ተቀምጦ ይመታው ጀመር። ቤት ሙሉ ሰው ራሱን እየነቀነቀ «እጅህ ይባረክ» ይለዋል። አጎቴ ጋቢያቸውን ሲስቡ ለማየት በልማድ ወደ መደባቸው ዞርሁ። የተቀመጡበት ሌላ ሰው ናቸው፤ የንስሐ አባታችን። የራሴን ጋቢ ስቤ አፍንጫዬን ሸፈንሁ።

«ምን ሸተተህ ልጄ?» አሉኝ።

አጎቴ መሞታቸውን ያን ጊዜ አመንሁ።